እንግዳ መጣ

ገርጂ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሕፃን ጥርት ባለ ድምፅ «እንግዳ መጣ!» አለ። በሩ ዝግ ነበር፤ የገባም የወጣም የለም። ወጣቷ እናቱ ግን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አድርጋ፣ ልጁን በብብቱ አንሥታ፣ «ጠብቅ የኔ ጌታ፣ ጠብቅ፣ ጠብቅ!» እያለች ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠች። ሌሎቹ ተራ ጠባቂዎች ወደ በሩ ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ማንም እንደሌለ ሲያዩም ወደየስልካቸው ተመለሱ። የሆነው ነገር የገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ገብቶኝም ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም እነዚያ ሁለት ቃላት በዚያ ትርጉማቸው የእኔ ቤት ንብረት ናቸው። የት፣ እንዴትና ከማን አፍ እንደ ወጡ አውቃለሁ፤ ስፍራው አሁን ከተቀመጥሁበት ወንበር ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

ስለ ቃላት በግምት አልናገርም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሕግ በማርቀቅ ነው። «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» ብሎ የሚጀምረውን የትርጓሜ አንቀጽ ከየትኛውም ጸሎት አብልጬ ደግሜዋለሁ። ካረቀቅኋቸው ሕጎች ከፊሎቹ ተሽረዋል፤ ከፊሎቹ ማንነታቸው እስኪጠፋ ተሻሽለዋል፤ የቀሩትን የሚያነብ የለም። ስሜ በአንዳቸውም ላይ አይገኝም፤ የሚጻፈው የፈረመው ሰው ስም እንጂ የደከመው ሰው ስም አይደለም። ይህን ያነሣሁት ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም። ቅሬታ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አደራጅ ነበር።

ቃላቱ በተወለዱ ጊዜ ገርጂ የከተማው መጨረሻ ነበር። ከመገናኛ የሚነሣው ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ፣ ረዳቱ «ገርጂ! ገርጂ! አንድ ሰው የሞላ!» እያለ ለሦስተኛ ሰው ቦታ ሲፈጥር፣ አስፋልቱ እስካለቀበት ድረስ ያደርሰን ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። በክረምት የመሥሪያ ቤት ሴቶች ባለ ተረከዝ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በኮንጎ ጫማ እስከ አስፋልቱ ይመጡና፣ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ በየተራ ቆመው ይቀይራሉ። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርሁ፤ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት፣ በካውያ የተተኮሰ ፀጉር፣ ከታች ኮንጎ ጫማ። ማዕዘኑ ላይ የካሴት ሱቅ ነበረ። ዘፋኙ ክረምቱን ሙሉ አንዲት ሴት እንድትመለስለት ሲለምን ከረመ፤ አልተመለሰችም፤ ትክክል ነበረች። ከጎኑ ያለው ባለ ሱቅ ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም እየሸጠ፣ መልስ ሲያጣ በሳንቲሙ ፈንታ ከረሜላ ይሰጣል፤ ልጄም ከዚህ ተነሥታ ሱቁን ከረሜላ በነፃ የሚታደልበት መሥሪያ ቤት አድርጋ ወሰደችው። ዛሬ በዚያ ማዕዘን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ቡናው እንኳ ስሙ በጣሊያንኛ ነው። ጭቃውን አልናፍቅም። ነገር ግን የማውቀውን ሁሉ የማውቀው በእርሱ ላይ ቆሜ ነው።

የምንኖረው በእትዬ አስካለ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጎን በተሠራው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር፤ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል። እኔ፣ ልጄ ሶስና፣ እና በኋላ የሌላ ሴት ባለቤት የሆነው ባለቤቴ። ሶስና ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። ሞግዚቷ ባል አግብታ ሄደች፤ ሌላ ብንፈልግ አልተገኘችም። ቦሌ መንገድ ላይ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ የሆነ፣ አንዲት ሴት የከፈተችው የሕፃናት ማቆያ ነበረ፤ ነገር ግን ደንቡ አጭርና የማያሻማ ነው፦ የሽንት ጨርቅ የሚታሰርለት ልጅ አይቀበሉም። ደንቡን እኔ ባረቅቀውም ከዚያ አላሻሽለውም ነበር።

ባለቤቴ መፍትሔ ነበረው። «ደሴ እማዬ ዘንድ ትሂዳ! ትምህርት ቤት እስክትገባ ነው። እማዬ እንዴት ደስ እንደሚላት!» አለኝ።

«እናትህን ደስ ለማሰኘት አልወለድኋትም» አልሁት።

«እሺ፣ እንግዲያ ሥራሽን ተዪዋ!»

የራሱን ሥራ መተው የሚባለው አማራጭ በውይይቱ ውስጥ አልተነሣም። እኔ ደግሞ በዚያ ወር ሴት ገብታበት በማታውቅ የረቂቅ ቡድን ውስጥ ወንበር አግኝቼ ነበር፤ ወንበሩን የሚመኘው ባልደረባዬም በየጠዋቱ «ልጅሽ እንዴት ናት? ሰው አገኛችሁላት?» እያለ በታላቅ ርኅራኄ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ወይ ሶስና የዓመት ፈቃዴ ሳያልቅ ከጨርቅ ትወጣለች፣ ወይ ደሴ ትሄዳለች፤ ስትመለስም እናት ብላ የምትጠራው ሌላ ሰው ይሆናል።

አረንጓዴ የፕላስቲክ ፖፖ ከመርካቶ ገዛሁ። ሻጩ ስምንት ብር ብሎኝ በስድስት ተስማማን፤ «ለአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ሲል ቀለደብኝ። ዕቃው ከተገዛበት ዓላማ በስተቀር ሁሉንም አገልግሎት ሰጠ። ሶስና ባርኔጣ አደረገችው። አሻንጉሊቷን አጠበችበት። ገልብጣ ከበሮ መታችበት፤ ከዚያም ተነሥታ ወንበሩ እግር ሥር ሄደች፣ ቆመች፣ ፊቴን እያየች ወለሉን አራሰችው። ከአቡጀዲ የቀደድኋቸው ጨርቆች በክረምቱ ሳቢያ ስለማይደርቁ ከሰል ምድጃ ዙሪያ በወንበር መደገፊያ ላይ ይሰጣሉ፤ ቤቱ ሳሙና፣ ጢስና ሌላም ነገር ይሸታል። ዛሬም ዝናብ የመታው ከሰል ሲሸተኝ እጄ በራሱ መርፌ ቁልፍ ይፈልጋል።

ግቢው ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዷ በሞቀ ውኃ እግሯን ንከሪላት አለችኝ። ሌላዋ ፖፖ የለመደውን የራሷን ልጅ አምጥታ በምሳሌነት አስቀመጠችልን፤ ሶስና በአድናቆት አጨበጨበችለት፤ ይኸው ነው። እትዬ አስካለ አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጠው ተመለከቱንና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሽሽሽ በያት እንጂ! ምን እንደ ዳኛ ፊቷ ትገተሪያለሽ?»

«ሽሽሽ» አልሁ። ሶስና ዝም በይ ያልኋት መስሏት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በጣም በዝግታ «ሽሽሽ» አለችኝ። ሁለታችን እንዲያ ተያይተን ተቀመጥን።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ አስካለ እንግዶች መናገር ግድ ነው። ባለጸጋ ባይሆኑም ቤታቸው ሰው አይጠፋውም፤ የማኅበር ጓደኞች፣ የባላቸው ዘመዶች፣ ልጃቸውን ለትዳር ለመጠየቅ የሚላኩ ሽማግሌዎች። የብረቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ከበረንዳው ላይ «እንግዳ መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ጩኸቱ ለእንግዳው አይደለም፤ ለግቢው የሚተላለፍ ትእዛዝ ነው። ልብስ ከገመድ ላይ ይነሣል፣ ውሻው ይታሰራል፣ የልጆች አፍንጫ ይጠረጋል። ወደ ትልቁ ቤት የሚያልፍ ሰው ሁሉ የእኛን በር ስለሚነካና ጎራ ብሎ ሰላም ሳይል ስለማያልፍ፣ እኔም የእርጥብ ጨርቅ ሰልፌን በአንድ እጄ አፍሼ፣ በሌላው ሶስናን ይዤ፣ ጨርቋን ፈትቼ ከመጋረጃው ጀርባ ፖፖው ላይ አስቀምጣታለሁ። ይህ ከሥልጠናው ጋር የተያያዘ አልነበረም። ልጅን ከእነ ጉዷ መደበቅ ነበር። እንግዳው ሰላምታውን ጨርሶ ሲያልፍ አነሣታለሁ።

አንድ ጠዋት ማንም በር ሳያንኳኳ ሶስና አሻንጉሊቷን አስቀመጠችና «እንግዳ መጣ» አለች። እኔ ፀጉሬን መነካካት ጀመርሁ። እትዬ አስካለ ድምፁን ሰምተው ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ፤ በሩን ከፍተው ወደ ላይ ተመለከቱ፣ ወደ ታች ተመለከቱ።

«ማነው? የሶስና እናት፣ ማነው የመጣው? ኧረ ሰው የለም!»

በዚህ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ፕላስቲክ ላይ የሚወርድ ቀጭን የውኃ ድምፅ። መጋረጃውን ስገልጥ ልጄ ብቻዋን፣ ጨርቋን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውርዳ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጣለች። ከዚያ ተነሣች፤ የሠራችውን ጎንበስ ብላ መረመረች፤ «እንግዳው ሄደ» አለች። ለካስ በቀን ውስጥ ደጋግማ የሰማችው ያ ጩኸት፣ ሁልጊዜም የሚያስከትለው ያ መቀመጥ፣ በእርሷ አእምሮ አንድ ነገርና ስሙ ሆነው ኖረዋል። ከቀረበላት ማስረጃ ተነሥታ የደረሰችበት ድምዳሜ እንከን አልነበረውም። እትዬ አስካለ ደጃፉን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና፣ ሽማግሌ እንደሚሸኙ ሁሉ ከወገባቸው ዝቅ ብለው «በደህና ይግባ!» አሉ።

ደስታ የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ አልጠቀምበትም። ማስረጃው ይኸውና፦ በፖለቲካ ስብሰባም ሆነ በሠርግ ላይ እልል ብዬ የማላውቀው እኔ፣ ፖፖውን በሁለት እጄ እንደ ዋንጫ ይዤ ግቢውን ዞርሁ፤ ለተከራዮቹ ሁሉ አሳየሁ። ማንም አልተጸየፈም። አንዷ «ዓይን እንዳይበላት ድፊው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱ ጸና። ሶስና «እንግዳ መጣ» ትላለች፤ ትቀመጣለች፤ ሲያበቃ «እንግዳው ሄደ» ብላ ትቆማለች፤ «በደህና ይግባ» ካልተባለ ከቦታው ንቅንቅ አትልም። ጨርቆቹ ከወንበር ላይ ጠፉ። ፈቃዴ ሲያልቅ ከኪሷ በላይ ጥንቸል የተጠለፈባትን ቀይ ሹራብ አልብሼ፣ በኩራት ወደ ማቆያው ወሰድኋት።

የማቆያው ባለቤት እትዬ ጽጌ ጨርቁ ውስጥ አጥንት ያለ የሚመስል ነጠላ የሚለብሱ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ልጅቷን ለአንድ ሳምንት እንደሚሞክሯት ነገሩኝ። በዚያ ሰሞን ፈቃድ የሚሰጥ ተቆጣጣሪ ከዛሬ ነገ ይመጣል ብለው ስለሚጠብቁ፣ ለበር ድምፅ ንቁ ነበሩ። ሰኞ ማታ ሶስናን የተቀበልኋት በሌላ ልጅ ሱሪ ነው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ቤታችን ስንደርስ ያለ ምንም ችግር ወደ ፖፖዋ ሄደች፤ ምን እንደሚካሄድ ሊገባኝ አልቻለም። ባለቤቴ ገባው። ከአውቶቡስ ተራ የደሴ ትኬት ቆርጦ መጣና ከሬዲዮው ሥር አስቀመጠው።

ዓርብ ማታ እትዬ ጽጌ ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ።

«ሰኞ እንዳታመጫት፣ ልጄ። መሽናቷስ ልጅ ናት፤ እሱን አልፈው ነበር። ግን ትዋሻለች።»

«ሁለት ዓመቷ ነው እኮ፣ እትዬ ጽጌ! ምን ብላ ነው የምትዋሸው?»

«ዓይኔን እያየች ነዋ! 'እንግዳ መጣ' ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፣ ተቆጣጣሪው መጣ ብዬ ሽርጤን አወልቃለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ እወጣለሁ። ማን አለ? ዘበኛው ብቻ! ስመለስ ወለሉ ርሷል። በቀን ስንቴ! ሳቅሽ? ምን ያስቅሻል?»

በሰው ፊት መሳቅ ልማዴ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። ያን ማታ ግን ለሕፃናት በተሠራች አጭር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣ መናገር እስኪያቅተኝ ሳቅሁ። በመጨረሻ ነገሩን ከእትዬ አስካለ በረንዳ ጀምሬ እስከ ደሴው ትኬት ዘርዝሬ አስረዳኋቸው።

«እንግዲያ» አሉ እትዬ ጽጌ፣ «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ነጠላ ሳስተካክል የከረምሁት ለሽንት ነው?»

«ለሽንት ነው።»

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ፤ «ከዚያ በኋላ ግን ይቅርታ የለም» አሉ። ባለቤቴም ትኬቱን በአንድ ሳምንት አስተላለፈው።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ማንም አላቀደውም። ተንከባካቢዎቹ ሶስና ስትናገር ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ጥግ ይወስዷት ጀመር፤ እዚያ ፖፖዎቹ ተደርድረዋል። ሌሎቹ ሕፃናት ደግሞ እስከዚያ ድረስ የነበራቸው ቃል የሚያፍሩበት ስለነበረ ይሆናል፣ ወይም የእርሷ የተሻለ ስለነበረ፣ አንድ በአንድ ተቀበሉት። ማንም ከእንግዲህ «ሽንቴ መጣ» አይልም። እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ይሄዳል፣ በደህና ይግባ ይባላል። አንዱ ሲጠራ የሚከተለውም ብዙ ነበር፤ እንግዳ ብቻውን አይመጣም።

የመጨረሻው ዓርብ ጠዋት፣ የሶስናን ሹራብ እያወለቅሁላት ሳለሁ፣ ዘበኛው ጋሽ ቱሉ የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና በሩ ላይ ሲቆም አዩ። ወደ ውስጥ ሮጠው ገቡና ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፦ «እትዬ ጽጌ! እንግዳ መጣ!»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ የያዘውን ጣለ። ኳስ ተንከባለለ፣ ብስኩት ወደቀ። ከእጄ አምልጣ ሶስናም ሮጠች። ተቆጣጣሪው ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ የማቆያው ሕፃናት በሙሉ ሱሪያቸውን አውርደው፣ በግድግዳው ሥር በአንድ ረድፍ ተቀምጠው፣ ቀና ብለው ይመለከቷቸው ነበር። እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ በመሐል ቆመዋል።

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ ተቆጣጣሪው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንግዳ ሲመጣ ነው» አሉ እትዬ ጽጌ። በዚያ ቅጽበት ሊሰጡት ከሚችሉት መልስ ሁሉ ትክክለኛው እርሱ ነበር።

ተቆጣጣሪው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት የትም እንዳላዩ ሊናገሩ ሲጀምሩ፣ ሶስና ከረድፉ ራስ ላይ ተነሥታ ቆመችና፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «እንግዳው ሄደ!» አለች።

«እኔን ነው?» አሉ ሰውየው፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ተመለሱ።

«በደህና ይግባ!» አለ ረድፉ በሙሉ ባንድ ድምፅ።

ፈቃዱ ተሰጠ። ተቆጣጣሪው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሲስቁ ጋሽ ቱሉ አይተዋቸዋል። እትዬ ጽጌ ሶስናን አቅፈው ወደ እኔ መጡ፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጨማድዷል። «ይቺ ልጅ የትም አትሄድም። ደሴ የናፈቀው ሰው ካለ ራሱ ይሂድ» አሉኝ። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለባለቤቴ አደረስሁ። ትኬቱ እንዳይባክን ሄደ። በተመለሰ ጊዜ ሶስና በሩ ላይ ቆማ ተመለከተችውና «እንግዳ መጣ» አለች፤ የትኛውን ማለቷ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

እትዬ አስካለ ዐርፈዋል፤ ግቢያቸው ተሸጦ ከእነ በረንዳው ፈርሷል። ማቆያው የነበረበት ቤት የልብስ መሸጫ ሆኗል፤ መስኮቱ ላይ የቆሙት አሻንጉሊቶች እንደ እትዬ ጽጌ ቀጥ ያሉ ናቸው። ባለቤቴ በመጨረሻ ያለ ትኬት ሄደ፤ በደህና ገብቷል አሉ። ሶስና የጥርስ ሐኪም ሆና ቦሌ ቡልቡላ ትኖራለች፤ ይህን ታሪክ ባነሣባት ስልኩን ትዘጋብኛለች። በሕይወቴ ውስጥ የተነጠቅሁትን ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል ማስረዳት እችላለሁ። ልጄን ግን አልተነጠቅሁም፤ ይህም የሆነው በሁለት ቃላት ምክንያት ነው።

ወጣቷ እናት ልጇን እየመራች ተመለሰች። መጠየቅ አይገባኝም ነበር፤ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ይህን አነጋገር ከማን ነው የሰማችሁት?»

«የቱን ማዘር? እ… እንግዳ መጣን?» ሳቀች። «ኖርማል ነው እኮ! ዴይኬራቸው እንደዛ ነው የሚያስብሏቸው፤ ለሚ ኩራ፣ እኛ ሰፈር። እማዬ ራሷ እኔን በሱ ነው ያሳደገችኝ። የድሮ አባባል ነው መሰለኝ፤ ከገጠር የመጣ።»

ከገጠር አለመምጣቱን ላስረዳት አፌን ከፈትሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳላርም አልፌ አላውቅም። ነገር ግን ስልኳ ጠራ፤ አነሣችው። እኔም አሰብሁ፦ ካረቀቅሁት ሁሉ ሳይሻር፣ ማንም ሳይፈርምበት፣ ገርጂን ተሻግሮ ለሚ ኩራ የደረሰው ይህ ብቻ ነው፤ እርሱንም እኔ አላረቀቅሁትም፣ ያረቀቀችው የሁለት ዓመት ልጅ ናት።

ሕፃኑ እናቱን በቀሚሷ ጎተታት። «እንግዳው ሄደ» አላት። ስልክ ላይ ነበረች። ደግሞ ነገራት። አልሰማችውም። ቆሞ ጠበቀ፤ ያለ መልስ እንደማይንቀሳቀስ ከአቋቋሙ አወቅሁ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ።

«በደህና ይግባ» አልሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። ራሱን በክብር ዝቅ አደረገና «አሜን» አለኝ።

ይህ ማሻሻያ በእኛ ጊዜ አልነበረም። ተቀብዬዋለሁ።